በሀበሻ ነው በፈረንጅ?

«ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ ይዋሻል።»

በየዓመቱ የመጀመሪያውን የላብ ቀን ይህን ሳልሰማ አልውልም። የዘንድሮዋ ከሳሽ ላፕቶፗን ወደ እኔ አዙራ ማስረጃዋን አሳየችኝ። የለካችው ተራ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ጎኑ ላይ 1.5 ቮልት ተብሎ ተጽፎበታል። ማያው ላይ ያለው መስመር ግን አንድ ቦታ አልረጋ ብሎ ይዋልላል። ጎንበስ ብዬ ገመዶቹን አየሁ። ብርቱካናማው የድንጋዩን አናት ነክቷል። ነጭ ሰረዝ ያለባት ሌላዋ ብርቱካናማ ገመድ ግን ጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች።

«ይቺስ?» አልኳት።

«እሷ ትርፍ መስላኝ ነው።»

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ትርፍ ስለመሰለች ገመድ ነው።

ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ላብ ማሠራት ነው። ስጀምር የነበሩን ኦሲሎስኮፖች፣ ማለትም የቮልትን መለዋወጥ በሞገድ የሚያሳዩት መሣሪያዎች፣ ለመሸከም ሁለት እጅ የሚጠይቁ፣ ፊታቸው በቁልፍ የተሞላ ነበሩ። አንዱ ለስድስት ተማሪ ይደርሳል። አንዱ ልጅ ቁልፍ ያዞራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አራቱ ከትከሻ በላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እስኪመረቅ ድረስ ያንን ቁልፍ አንድ ጊዜ እንኳ ያልነካ ተማሪ አውቃለሁ፤ ሪፖርቱ ግን ከሁሉም ያምር ነበር።

አሁን የምንሠራባት አናሎግ ዲስከቨሪ 2 የምትባል፣ በመዳፍ የምትያዝ ሳጥን ናት። የሠራት ዲጂለንት በ2000 እ.ኤ.አ. ሁለት የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያቋቋሙት ድርጅት ነው፤ ሳጥኗንም ላብ ውስጥ የዋለ ሰው እንዳሰባት ያስታውቃል። ሁለት ቻናል ያለው ኦሲሎስኮፕ በውስጧ አለ፤ በሴኮንድ እስከ 100 ሚሊዮን ጊዜ ይለካል። ሁለት የሲግናል ማመንጫዎች፣ 16 ዲጂታል መስመሮች፣ አንዱ እስከ +5 ሌላው እስከ −5 ቮልት የሚሰጡ ሁለት ፓወር ሰፕላዮችም አሏት። ማያዋና ቁልፎቿ ላፕቶፑ ላይ ናቸው። ኃይሏን የምታገኘው ከዚያው ከላፕቶፑ፣ በዩኤስቢ ገመዷ ነው፤ ከግድግዳው ሶኬት የምትፈልገው ነገር የለም። ይህ መብራት በማይጠፋበት አገር ምቾት ነው። እኛ ዘንድ ግን የላቡ ሰዓት መቀጠሉንና መቋረጡን የሚወስን ነገር ነው።

ሳጥኗ ከመሰካቷ በፊት ዌቭፎርምስ የሚባለው ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ይጫናል። ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። እኔ በፍላሽ ይዤው እዞራለሁ፤ አርባ ተማሪ በአንድ ዋይፋይ ሲያወርድ ጠብቀን አንዘልቀውም። ፕሮግራሙ ዴሞ የሚባል ምርጫ አለው፤ ሳጥኗ በሌለችበት መለማመጃ እንዲሆን የተሠራ ነው። ሳጥኖቹ ከተማሪው ስለሚያንሱ በጣም ይጠቅመናል፤ ማታ ዶርም ውስጥ ቁልፎቹን ለምደው ይመጣሉ።

ግን ጉድም ሠርቶናል። ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ሲለኩ ቆዩ። ሞገዳቸው ያምራል፣ ቁጥሩም ተጽፏል። አንዷን ገመድ ከሰርኪዩቱ ላይ ነቀልኩባቸው፤ ሞገዱ ንቅንቅ አላለም። ሌላዋንም ነቀልኩ፤ አሁንም ያው ነው። ለካ የዩኤስቢው ገመድ በደንብ አልገባም፣ ፕሮግራሙ ዴሞ ላይ ነው፣ እነሱም ከምንም ጋር ያልተያያዘ ሥዕል ሲለኩ ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አውጥቻለሁ፦ ያገኘኸውን ቁጥር ከመጻፍህ በፊት አንዷን ገመድ ንቀል። ማያው ላይ ምንም ካልተለወጠ እየለካህ አይደለም።

ወደ ከሳሿ እንመለስ።

«ነገ ሦስት ሰዓት እንገናኝ ብልሽ ምን ትይኛለሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ነገ ክላስ አለን።»

«ክላስሽን ተይው። ወንድምሽ ከውጭ ደውሎ በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ ቢልሽስ?»

«በሀበሻ ነው በፈረንጅ? እለዋለሁ።»

ይኸው ነው። ሦስት ሰዓት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ቆጠራው ከንጋት ከተነሣ አንድ ነገር ነው፣ ከእኩለ ሌሊት ከተነሣ ሌላ፤ መሐላቸው ስድስት ሰዓት አለ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ያውቀዋል። ቮልትም እንዲሁ ነው። አንድ ነጥብ ብቻውን ቮልት የለውም። ሁል ጊዜ «ከየት ተነሥቶ?» ይባላል። የዚህች ሳጥን እያንዳንዱ ቻናል ሁለት ገመድ የያዘው ለዚህ ነው። ብርቱካናማዋ «እዚህ» ትላለች፣ ባለ ነጭ ሰረዟ «ከዚህ ተነሥቶ» ትላለች፤ ማያው ላይ የሚታየው የሁለቱ ልዩነት ነው። ባለ ሰረዟን ከድንጋዩ ግርጌ ስናስነካት መስመሩ ወዲያው ረግቶ 1.58 ላይ ተኛ። ክሱ ተነሣ።

ሁለተኛዋ ትምህርት ጥቁሯ ገመድ ናት፤ ግራውንድ እንላታለን። ሰርኪዩቱ የራሱ ባትሪ ሲኖረው ተማሪዎች ባለ ሰረዟን አገናኝተው ጥቁሯን ይረሳሉ። ሳጥኗ ልዩነትን የምትለካው ሁለቱም ነጥቦች ከራሷ ግራውንድ በ25 ቮልት ክልል ውስጥ ሲሆኑ ነው። ሰርኪዩቱ ከእሷ ጋር በአንድ ገመድ እንኳ ካልተሳሰረ ግን የት እንዳለ አታውቅም። ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን ሰዓት ይዘው ሳይነጋገሩ እንደመቀጣጠር ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት የምትሰካው ጥቁሯ ናት፤ የምትነቀለውም በመጨረሻ ነው።

«ሞገዱ እየሮጠ አልያዝ አለኝ» የሚለው ስሞታም ሥሩ ይኸው መሆኑን ያስተዋልኩት ቆይቶ ነው። ሞገዱ እየሮጠ ያለው እያንዳንዱ ሥዕል የሚጀምርበት ቅጽበት ስለሚለያይ ነው። ትሪገር የሚባለው ነገር «ሲግናሉ እዚህ ከፍታ ላይ ሲደርስ መቁጠር ጀምር» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ለጊዜ የቆመ ግራውንድ በሉት። ቴክትሮኒክስ በ1947 (በፈረንጅ!) 511 የተባለውን ኦሲሎስኮፕ ሲያወጣ ስም ያተረፈው በዚህ ነው፤ ሞገዱ ማያው ላይ ቆሞ እንዲታይ አደረገ። ተማሪዎቼ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው የትሪገሩ ምልክት ከሞገዱ ጫፍ በላይ ተሰቅሎ ነው። ሞገዱ በማይደርስበት ከፍታ ቀጠሮ ይዘውለት ቀረ ይላሉ።

ለመጀመሪያ ሰርኪዩት የምሰጣቸው ሁለት ዕቃ ብቻ ነው፦ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። ቢጫዋ የሲግናል ገመድ ወደ ሬዚስተሩ፣ ከሬዚስተሩ ወደ ካፓሲተሩ፣ ከካፓሲተሩ ወደ ጥቁሯ። ብርቱካናማዋ መግቢያው ላይ፣ ሰማያዊዋ የሁለተኛው ቻናል ገመድ መሐሉ ላይ ትሰካለች፤ ባለ ሰረዞቹ ሁለቱም ወደ ጥቁሯ ይሄዳሉ። ከዚያ ላፕቶፑን አስከድናለሁ።

ያጉረመርማሉ፤ ይሁን። ወረቀት አውጡና ሊታይ የሚገባውን ሥዕል በእርሳስ ሣሉ እላለሁ። ከ0 ወደ 1 ቮልት ዘልሎ የሚወጣ የ1 ኪሎ ኸርዝ ካሬ ሞገድ ቢገባ ካፓሲተሩ ላይ ምን ይታያል? ሬዚስተሩን በካፓሲተሩ ሲያባዙት 0.1 ሚሊሴኮንድ ያገኛሉ፤ በዚያ ጊዜ ካፓሲተሩ 63 በመቶውን ይሞላል ማለት ነው። ሞገዱ ከፍ ብሎ የሚቆየው 0.5 ሚሊሴኮንድ ነው፤ አምስት እጥፍ ጊዜ ስላለው ሞልቶ ያድራል። ይህን በእርሳስ የሣለ ልጅ ላፕቶፑን ሲከፍት የሚያየው መልስ ነው። ሳይሥል የከፈተ ግን የሚያየው ሥዕል ብቻ ነው፤ ጎበጥ ያለ መስመር አየ፣ ፎቶ አነሣ፣ ሄደ። አንዴ የ0.01 ካፓሲተር ሆን ብዬ ቀላቅዬ ሰጠኋቸው። «ከሣልኩት አሥር እጥፍ ፈጠነብኝ» ብለው የመጡት እርሳስ የያዙት ናቸው። ሌሎቹ ምንም አልጎደለባቸውም።

ቀጥሎ ሳይን ሞገድ ነው። በ1.6 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ የሚወጣው ሲግናል ከሚገባው 0.7 ያህሉ ብቻ ይሆናል። ዌቭፎርምስ ኔትወርክ የሚል መሣሪያ አለው፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ራሱ ጠርጎ ኩርባውን ይሥልልሃል። አምስት ነጥብ በእጃቸው ለክተው ሳይጨርሱ እሱን መክፈት አልፈቅድም። እንጀራ በሞሶብ ከመቅረቡ በፊት ምጣዱ ዳር መቆም አይጎዳም።

ኔጌቲቭ ቮልትም በየዓመቱ ግራ ያጋባል። «ከዜሮ በታች ምን ዓይነት መብራት ነው?» ይሉኛል። ዳሎልን እጠራላቸዋለሁ። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም መሬቱ መሬት ነው፣ ሰው ይራመድበታል፣ ግመል ጨው ይጫንበታል። ኔጌቲቭ ያደረገው ቆጠራውን ከባሕሩ መጀመራችን ነው። ነጯ የ−5 ቮልት ገመድም ከጥቁሯ በታች ያለች ሌላ ቦታ ናት፤ ከቀይዋ +5 ጋር ብታነጻጽራት መሐላቸው 10 ቮልት አለ።

ስለ ጉልበት ደግሞ በአጭሩ። ተራ የዩኤስቢ 2 ወደብ የሚሰጠው 5 ቮልትና 500 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው፤ ሳጥኗ ራሷ ከዚያ ትበላለች። በዩኤስቢ ብቻ ስትሠራ ለሁለቱ ሰፕላዮቿ የሚተርፋት በድምሩ 500 ሚሊዋት ነው። ኤልኢዲ ለማብራት ይበቃል። ከመጫወቻ መኪና የተፈታ ሞተር ለማዞር አይበቃም፤ በየዓመቱ ግን አንድ ልጅ ይሞክራል። ሞተሩ አንዴ ይንፈራገጣል፣ ሰፕላዩ ይቋረጣል፣ ልጁም ቀና ብሎ ያየኛል። ላፕቶፑ ይከፍላል እንጂ አይሸከምም እለዋለሁ።

ከግድግዳው ሶኬት ጋር ግን ቀልድ የለም። 220 ቮልቱን በዚህች ሳጥን መለካት አይሞከርም። የሳጥኗ ጥቁር ገመድ በዩኤስቢው በኩል የላፕቶፑ ግራውንድ ናት፤ ባለ ሦስት እግር ቻርጀር ከተሰካ ደግሞ እስከ ሕንፃው መሬት ትደርሳለች። ያለቦታዋ የነካች እንደሆነ የሚቃጠለው ሳጥኗ ብቻ አይደለም። ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ሲሰካ የላፕቶፑ ብረት እጅ የሚነዝረውም በከንቱ አይደለም፤ ግራውንዱ ከመሬት ተነጥሎ ተንሳፍፏል። ስትለኩ ቻርጀሩን ንቀሉ የምለው ለዚህ ነው።

የዘንድሮው የመጀመሪያ ቀን ያለቀው በጣት ነው። ከሳሿ ሥራዋን ጨርሳ ብርቱካናማዋን ገመድ በጣቷ እየነካካች ትጫወት ነበር። ባለ ሰረዟ ጥቁሯ ላይ እንደተሰካች ናት። ማያው ላይ ሞገድ ተነሣ። ጣቷን ስታነሣ ይወርዳል፣ ስትነካ ይነሣል። ጠራችኝ፤ ይዋሻል አላለችም አሁን።

«ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኪው» አልኳት።

«20 ሚሊሴኮንድ። 50 ኸርዝ።» ቀና ብላ አምፖሉን አየች። «መብራቱ ነው?»

ነው። ግድግዳው ውስጥ የሚሄደው የመብራት መስመር ሰውነቷን እንደ አንቴና ይነካዋል፤ ሳጥኗም ጣቷን ከላፕቶፑ ግራውንድ ጋር እያነጻጸረች ትነግረናለች። ይህን እያስረዳሁ ሳለ መብራት ሄደ።

እንደተለመደው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኡፍ!» አለ። ከዚያ ዝም። ላፕቶፖቹ በርተዋል፣ ሳጥኖቹም በርተዋል፣ ሞገዶቹ ሁሉ በየማያቸው ቆመዋል። ለወትሮው ይሄኔ ቦርሳ የሚነሣበት ሰዓት ነበር፤ ማንም አልተነሣም። የእሷ ሞገድ ብቻ የለም። ጣቷን ገመዱ ላይ እንደያዘች ነው፤ መስመሩ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቷል።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ አምፖሎቹ በሩ። «መጣ!» አሉ ልጆቹ።

እሷ ከማያው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «አልመጣም። ጀነሬተር ነው» አለች።

ጀነሬተሩ ያለው ከግቢው ወዲያ ጫፍ ነው፤ እኛ ጋ ድምፁ አይሰማም። ጠጋ ብዬ አየሁ። 19.2 ሚሊሴኮንድ፤ 52 ኸርዝ ገደማ። ጭነት ያልበዛበት ጀነሬተር ትንሽ ፈጠን ይላል።

«ፈጥኗል» አለችኝ።

«ከምን አንጻር?»

«ከቅድሙ» አለች፤ ደብተሯ ላይ 20 ብላ የጻፈችውን በሌላ እጇ ጣት እያሳየችኝ።