ካርዱ የሚከፍለውና የማይከፍለው

የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍት ሲቃረብ፣ አውሮፓ ውስጥ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ለእኛ ለኢንሹራንስ አማካሪዎች ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ ካለኝ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ጀርመን ወይም ጣሊያን ያለው ሽፋን እንዳለ አብሮት ድንበር የሚሻገር ይመስለዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ የሚሰጠው የሚኖሩበትን አገር ሽፋን ሳይሆን የሄዱበትን አገር መድን የገባ ሰው መብት ነው። ፓሪስ ላይ የታመመ የፍራንክፈርት ነዋሪ እንደ ፓሪስ ሰው ይታከማል፤ የፓሪስ ሰው ከኪሱ የሚያወጣውንም ያወጣል።

ፈረንሳይን ብንወስድ፣ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ የቀረበ በሽተኛ መጀመሪያ ራሱ ይከፍላል። መደበኛው ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ 30 ዩሮ ነው። የመንግሥት መድን ከዚህ 70 በመቶውን ይመልሳል፤ ከሚመለሰውም ላይ ጥቂት ይቀነሳል። የአገሩ ሰው ቀሪውን በተጨማሪ ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል፣ እንግዳው ግን ያ ስለሌለው ከኪሱ ይከፍላል። በስዊዘርላንድ መሠረታዊው መድን ለነዋሪው ለራሱ ከአምቡላንስ ወጪ የሚከፍለው ግማሹን ብቻ ነው፣ ያውም እስከ ተወሰነ ጣሪያ። «ካርድ እያለኝ አስከፈሉኝ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመነጫል፤ አስከፋዩ ግን ሕግ አልጣሰም።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል፦ «እንግዲያው ካርዱን ምን ልበለው? የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝቼ ብገላገል አይሻልም?» አይሻልም። የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች ከጉዞው በፊት የነበረን በሽታ ብዙ ጊዜ ከሽፋን ያወጣሉ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው፣ ለነፍሰ ጡርም፣ ዋናው ሥጋት ደግሞ ያው ነባሩ ሁኔታ ነው። ካርዱ ነባር በሽታን አይለይም። መስፈርቱ ሕክምናው ያሰቡትን ቆይታ ሳያቋርጡ ለመጨረስ አስፈላጊ መሆኑ ነው፤ ይህንንም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እርግዝናና ወሊድም የጉዞው ዓላማ እስካልሆኑ ድረስ ይሸፈናሉ። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰውም መብቱ አለው፣ ግን ከመነሳቱ በፊት ከሚታጠብበት ሆስፒታል ጋር ቀጠሮ መያዝ ይኖርበታል። ለመታከም ብሎ የሚጓዝ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እሱ አስቀድሞ ከመድን ሰጪው ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ካርዱን ቢያሳዩም የማይቀበል ቦታ አለ የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ ኮሚሽን፣ አንዳንድ የስፔን የመንግሥት ሆስፒታሎች ካርዱን ትተው ቱሪስቶችን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ በሚል ጉዳዩን በስፔን ላይ እስከ ማንሳት ደርሷል። የግል ክሊኒክ ግን ካርዱን የመቀበል ግዴታ የለበትም። በመዝናኛ ከተሞች ሆቴሉ የሚጠራው ሐኪም ብዙ ጊዜ የግል ስለሆነ፣ «የመንግሥት ነው ወይስ የግል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉ የሚከብደው ግን የፓስፖርት ጉዳይ ነው፣ በሚገባው ልክ ሲነገርም አልሰማም። ካርዱ የቆመበት የአውሮፓ ኅብረት ሕግ መጀመሪያ የሚመለከተው የአባል አገር ዜጎችን፣ ስደተኛነታቸው የታወቀላቸውን፣ አገር አልባ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ነበር። በኢትዮጵያ ፓስፖርት በመኖሪያ ፈቃድ የሚኖረው ሰው የተካተተው ኋላ በወጣ ሌላ ደንብ ነው፤ ያ ደንብ ደግሞ በዴንማርክ፣ በአይስላንድ፣ በሊክተንስታይን፣ በኖርዌይና በስዊዘርላንድ አይሠራም። ስለዚህ ሚላን የሚኖርና የጣሊያን ዜግነት ያልወሰደ ኢትዮጵያዊ፣ ሉጋኖ በባቡር ሁለት ሰዓት እንኳ ባይርቀውም፣ እዚያ ካርዱን አምኖ መሄድ የለበትም። ካርዱ ላይ የታተመው የኅብረቱ ኮከብ ይህን አይነግረውም። በኖርዲክ አገሮች መካከል የተለየ ስምምነት ስላለ ስዊድን የሚኖረው ሰው ከመሄዱ በፊት መድን ሰጪውን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ካርዱ ለማንም ቢሆን ፈጽሞ የማይነካው አንድ ወጪ አለ፤ በሽተኛን ወይም አስከሬንን ወደ መኖሪያ አገር ማድረስ። በእኛ ዘንድ ይህ ሲደርስ መዋጮ ይሰበሰባል፣ እድር ይጠራል። የሚገርመው ከአዲስ አበባ በሸንገን ቪዛ የምትመጣ እናት በዚህ በኩል ከልጇ የተሻለች መሆኗ ነው። የቪዛው ሕግ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ መመለስንና ሞትን የሚያካትት ኢንሹራንስ ግድ ይላታልና። ልጇ ግን ማንም ስለማያስገድደው ባዶውን ይጓዛል። «ለማይደርስ ነገር ለምን ልክፈል?» የሚለው መከራከሪያ ወጪው ከባድ ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። በጀርመን ግን ለአንድ ጤነኛ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ዋጋው ትንሽ ነው። ሁለቱንም ይያዙ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ካርዱ ከጠፋ ወይም ቤት ከቀረ ደግሞ ሆስፒታል ሆነው ወደ መድን ሰጪዎ ይደውሉ፤ ጊዜያዊ ምትክ ሰርተፍኬት ይልኩልዎታል፣ የሚሰጠውም መብት ከካርዱ እኩል ነው። የመድን ሰጪዎን ስልክ ቁጥር አሁኑኑ ይመዝግቡ።