ይህን ከወደድህ ያንንም ስማ
የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለ ሙዚቃ ምን ያገባዋል?



ቤተ መጻሕፍት ሲባል ለአብዛኞቻችን ፊት ለፊት ድቅን የሚለው «ጸጥታ ይከበር» የሚለው ጽሑፍ ነው። ታዲያ እዚህ ቤት ውስጥ ሙዚቃ ምን ይሠራል? የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በብዙ አገሮች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራ መጽሐፍ አውጥቶ ከመስጠትና ከመቀበል ያለፈ ከሆነ ቆይቷል። ለአንባቢው «ይህን መጽሐፍ ከወደድህ ያንንም ሞክር» እንደሚለው ሁሉ ለአድማጩም «ይህን ዘፈን ከወደድህ ያንንም ስማ» ይለዋል። ይህ እንዴት እንደሚሠራና ነገ ወደየትምህርት ቤቱ ለምንበተነው ዕጩ መምህራን ምን እንደሚያገባን ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ የትናንት አይደለም። በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚገኘው የሴንት ፖል ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1914 ሸክላ ማዋስ በመጀመሩ ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል። በ1951 ደግሞ የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ዓለም አቀፍ ማኅበር ፓሪስ ላይ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ሸክላውን ካሴት ተካው፣ ካሴቱን ሲዲ ተካው፣ ሲዲውንም ይኸው ስልካችን ተካው። እንግዲህ ሰው ሁሉ ዘፈኑን በኪሱ ይዞ ከዞረ ሠራተኛው ምን ሥራ ቀረው ትሉ ይሆናል። ምርጫው ነዋ! ዱሮ አንድ ሸክላ ለማግኘት የሚደከመውን ያህል ዛሬ ደግሞ ከስንት ሺህ ዘፈን መካከል የሚሆነውን ለይቶ ማውጣት ያደክማል።

ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሲያትል ከተማ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2016 «ፕሌይባክ» የተሰኘ የሙዚቃ ስብስብ ከፈተ። የከተማው ሙዚቀኞች ሥራቸውን ያቀርባሉ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞችና ሙዚቃ ዐዋቂ የሆኑ የከተማው ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ያዳምጣሉ፣ ይመርጣሉ፤ ለተመረጡት ይከፈላቸዋል፤ ሕዝቡ በነፃ ይሰማል። በአዮዋ ሲቲም ይህን የመሰለ ሥራ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ተጀምሯል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ቤተ መጻሕፍት ዓለም ያወቀውን ታዋቂ ዘፋኝ ለማስተዋወቅ አልደከሙም። እሱንማ ሁሉም ያውቀዋል። የደከሙት ከሠፈራቸው አልፎ ላልተሰማው ነው።

አሁን ወደ ሥራው አሠራር እንግባ። ናንሲ ፐርል የተባሉት የሲያትል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሰው ወደ አንድ መጽሐፍ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ብለው ያስተምራሉ፤ እነሱም ታሪኩ፣ ባለታሪኩ፣ ቦታውና ቋንቋው ናቸው። አንዱ አንባቢ በታሪኩ በር ይገባል፣ ሌላው በቋንቋው። ስለዚህ «ምን አነበብህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ምኑን ወደድህለት?» መባል አለበት። እኔ እንደሚመስለኝ ለሙዚቃም እንዲሁ በሮች አሉት፤ ድምፁ፣ ምቱ፣ ግጥሙና መሣሪያው። «ጥላሁን ገሠሠን እወዳለሁ» ያሉ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር የወደዱ እንዳይመስላችሁ። አንደኛው የድምፁን ኃይል ሌላው ከኋላው የሚነፋውን የናስ መሣሪያ ወዶ ይሆናል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዘፈን መጠቆም አንድ መድኃኒት ለራስ ምታትም ለሆድ ቁርጠትም እንደማዘዝ ነው።

የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ራሱ እዚህ ላይ ብዙ አያግዝም። በዲዊ አመዳደብ የሙዚቃ ቁጥር 780 ሲሆን፣ ከዚያ ሥር የአውታር መሣሪያዎች 787፣ የትንፋሽ መሣሪያዎች 788 ላይ ይቀመጣሉ። በዚህ መሠረት ክራር፣ ማሲንቆና በገና ጎረቤት ይሆናሉ፤ ዋሽንትና ሳክስፎንም እንደዚሁ። የአድማጭ ጆሮ ግን እንዲህ አይደረደርም። ቅኝቶቻችንን ብናይ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በክራርም በማሲንቆም በዋሽንትም ይመጣሉ። ትዝታ በአስናቀች ወርቁ ክራር የጣመው ሰው፣ ያው ቅኝት በሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ሲመጣ የሚያውቀውን አገር በሌላ መንገድ የገባበት ያህል ይሰማዋል። በቅኝት መጠቆም ለእኛ አገር ሙዚቃ ከሁሉ የሚቀናው ዘዴ ይመስለኛል፤ የሥነ ሙዚቃ መምህሮቻችን ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል።

በጣም የምወደው ምሳሌ የጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፉት የሳክስፎን ተጫዋች፣ ሽለላንና ፉከራን ከጀግናው አፍ ወስደው በሳክስፎን ነፉት። እስቲ አስቡት። አንድ አባት ቤተ መጻሕፍት መጥተው የአገር ቤት ሽለላ ፈለጉ እንበል። ሠራተኛዋ «አባባ፣ ሽለላ በሳክስፎን ሲነፋ ሰምተው ያውቃሉ?» ትላቸዋለች። ከሳቸው ኋላ የቆመው ጎረምሳ ደግሞ ጃዝ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እሱን «ወንድሜ፣ ይህ ጃዝ የሚመስልህ ነገር ከየት እንደመጣ ላሳይህ» ትለዋለች። ሁለቱም አንድ ሸክላ ዘንድ ይደርሳሉ፤ አንዱ በሽለላ በር ሌላው በሳክስፎን በር። ዕድሜ የለያያቸውን ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር ማነጋገር ቀላል ሥራ አይደለም! ስልካችን ላይ «ይህንም ስማ» እያለ የሚያመጣልን መሣሪያ በበኩሉ እኛ ቀድሞ የሰማነውንና እንደኛ ያሉ ሌሎች የሰሙትን ቆጥሮ ነው። ሽማግሌውና ጎረምሳው አንድ ቦታ እንደቆሙ በምን ያውቃል?

ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከተወለድንበት ርቆ ባለ ትምህርት ቤት እንመደብ ይሆናል። ክወናና እይታ ጥበባት አስተምሩ እንባላለን፤ የንባብ ክፍል ኃላፊነትም ብዙ ጊዜ ለአዲስ መምህር ነው የሚሰጠው። በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ «የሚደመጡ ዘፈኖች» ብለን ዝርዝር ብንለጥፍና ዝርዝሩ እኛ ያደግንበት ሙዚቃ ብቻ ቢሆን፣ የዚያ አካባቢ ልጅ ምን ያነባል? የእናቴ ዘፈን ከሙዚቃ አይቆጠርም ማለት ነው ብሎ ያነባል። ማንም ባይናገረውም እንዲያ ነው የሚያነበው። የዶርዜ ሰዎች ብዙ ድምፅ አንድ ላይ እያወራረሱ የሚዘፍኑት ዘፈን የሙዚቃ አጥኚዎችን የሳበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፉት ዓሊ ቢራ ድሬዳዋ ላይ አፍረን ቀሎ ከተባለው የዘፈን ቡድን ጋር ሲነሡ በኦሮምኛ ለዘመናዊ ሙዚቃ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ነበሩ። እነዚህ በዝርዝሩ ላይ ቦታ የሚያገኙት መራጩ ሰው ካወቃቸው ነው። ካላወቀ ደግሞ መጠየቅ አለበት፤ ማንን ቢባል፣ ተማሪዎቹን፣ ወላጆቹን፣ የአካባቢውን ሽማግሌ።

የሃይማኖት ዜማም እንዲሁ ነው። በዓቢይ ጾም በገና የሚፈልግ ይመጣል፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩትን ዓለሙ አጋን መጠቆም ነው። መንዙማ የሚፈልግም ይመጣል። ሠራተኛው የራሱን እምነት ደጅ ትቶ ለሁለቱም እኩል መነሣት ይኖርበታል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መጠቆምና ማባዛት የተለያዩ ናቸው። «እገሌን ስሙ» ማለት ለሙዚቀኛው ገበያ ነው፤ ዘፈኑን ከስልክ ወደ ስልክ እየገለበጡ ማደል ግን እንጀራውን መንካት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ቅጂ አሳታሚውም መብት ሰጥቷል። አያት የምታንጎራጉረውን እሹሩሩ መቅዳት ሲያስፈልግም አስቀድሞ እሷን ማስፈቀድ፣ ስሟንና ቀበሌዋን መጻፍ ይገባል። ያለዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ተብሎ ይቀመጣል።

ሥራውን ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የፖስታ ካርድ የምታህል ወረቀት ትበቃለች። በላይዋ የዘፈኑና የዘፋኙ ስም፣ ቀጥሎ መሣሪያውና ቅኝቱ፣ ከዚያ በሁለት መስመር ለማን እንደሚስማማ፣ ከታች የጠቋሚው ስም ይጻፍባታል። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ጌታቸው መኩሪያ፤ ሳክስፎን፤ ሽለላ። ጮክ ያለ ነገር ለሚወድ፣ አያቱ ሲፎክሩ ሰምቶ ለሚያውቅ። ለሊት ጥናት አይሆንም፤ እንቅልፍ ግን ያባርራል።» «ቆንጆ ዘፈን ነው» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም፤ ሁሉም ለወደደው ይህንኑ ይላል። «ሐዘን ላለበት አይሆንም» ወይም «ግጥሙ ከዜማው ይበልጣል» የሚል ግን አንባቢውን በእርግጥ ይረዳዋል።

በተቋማችን ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ እንዲህ ያሉ ካርዶች ቢለጠፉ የሚል ሐሳብ አለኝ። በየቋንቋው፣ በየአካባቢው የመጣን ሰልጣኞች ነንና የጎደለ አይኖርም። ለመነሻ አንዳንድ ካርድ ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆነ፣ በተለይም ከአማርኛ ውጭ ባሉ ቋንቋዎች የተዘፈነ የሚያውቅ፣ እዚህ ጋዜጣ ግርጌ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ስሙን፣ የትምህርት ክፍሉንና የሚጠቁመውን አንድ ዘፈን ይጻፍ።