በዲላ ሣጥን የተቀመጠ አሮጌ ገንዘብ ዋጋው ምንድር ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረቆረችው ዲላ፣ ከይርጋ ጨፌ፣ ከወናጎና ከኮቸሬ የሚወርደውን ቡና እየተቀበለች ወደ መኻል አገር ስትልክ የኖረች የንግድ ከተማ በመሆኗ፣ በየዘመነ መንግሥቱ የተመላለሰው ገንዘብ በነጋዴዎቿና በባለቡናዎቿ እጅ አልፏል፤ ከዚያም የተረፈው ጥቂቱ በአያቶች ሣጥን ግርጌ በጨርቅ ተቋጥሮ ተቀምጧል። ወራሾች ይህን ቋጠሮ በፈቱ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ቃል «አሮጌ ነውና ውድ ነው» የሚል ነው። ይህ አሳብ ከመሠረቱ የተሳሳተ ስለ ሆነና ብዙ ሰውም ስለሚጎዳ፣ ነገሩን በዝርዝር መመርመር ይገባል።

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ እንደማይሆን የአሜሪካ ልጆች ከማስቲካ ጋር ይገዙት የነበረው የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርድ ግልጥ አድርጎ ያሳያል። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ካወጣቸው ካርዶች ሳይሸጥ የቀረውን ከጊዜ በኋላ ወደ ባሕር ስለ ጣለው፣ ከዚያው ዓመት የሚኪ ማንትል ካርድ ንጹሕ ሆኖ የቆየው አንዱ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ1980ዎቹ ግን ሰብሳቢ ይሻማባቸዋል ተብሎ ያለ ልክ የታተሙት ካርዶች ዛሬ ከወረቀታቸው ብዙም አይበልጡም። እንግዲህ ዋጋን የሚወልዱት ጥቂትነት፣ ንጽሕናና የፈላጊ ብዛት ናቸው።

በእኛ ዘንድ ሰውን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ካረፈች በኋላ፣ በቀይ ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች ያለ እርሷ ምስል ንግድ አልሆን ስላለ፣ ምስሏን የያዘው ጠገራ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ሲቀረጽ ኖሯል፤ ስለዚህ 1780 የሚለውን አሐዝ አይቶ የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ አገኘሁ የሚል ሰው፣ በመዳፉ የያዘው ሙሶሊኒ ለወረራው ሲሰናዳ በ1927 ዓ.ም. ከኦስትሪያ መብቱን ተቀብሎ በሮማ ያስቀረጸው ሊሆን ይችላል። ደኅናው ጠገራ ከ28 ግራም ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከሺህ እጅ 833ቱም ንጹሕ ብር ነው፤ ተራው ዋጋውም ከዚህ ማዕድን ዋጋ እጅግ አይርቅም። ዐዋቂው ግን በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የዕንቁ ጌጥ፣ ከደረቷ በታች ያሉትን ፊደሎችና የንስሩን የጅራት ላባዎች መርምሮ የትኛው ከተማ እንደ ቀረጸው ይለያል። ይህም ምርመራ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ እንዳይመስለን፤ የቀድሞ ነጋዴዎቻችን ዕንቁው ያልጠራውን ጠገራ አንቀበልም ይሉ ነበር።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ 1887 የሚለውን ዓመት ተሸክሞ በፓሪስ የተቀረጸው፣ ሕዝቡ ለጠገራ ካለው ፍቅር የተነሣ በገበያ ሊያሸንፍ ባለመቻሉ ዛሬ ብርቅ ሆኗል፤ አንበሳው ያነሣው የቀኝ እግሩን ነው ወይስ የግራውን የሚለው ጥያቄ እንኳ ሰብሳቢዎችን ያከራክራል። በ1937 ዓ.ም. ከወጡት የወረቀት ብሮችም የባንክ ገዥውን የጆርጅ ብላወርስን ፊርማ የያዙት ከኋለኞቹ ይልቅ ይፈለጋሉ። ለጌዴኦ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1969 ዓ.ም. የወጣው፣ ቡና ለቃሚው የተሣለበት የአምስት ብር ኖት ነው፤ ሥዕሉ የራሱን ጓሮ ያሳየዋልና። ሆኖም ብዙ ስለ ታተመ፣ እጥፋትና የእጅ ወዝ ያልነካው ካልሆነ በቀር ሰብሳቢ አይጓጓለትም። በ2013 ዓ.ም. መለወጫ ጊዜ ሳይለወጡ የቀሩ የመቶና የኀምሳ ብር ኖቶችም ሀብት ይሆናሉ ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የቴምብር ነገር ከዚህ የረቀቀ ነው። በ1886 ዓ.ም. የታወጁት፣ ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ የቀረጻቸው ሰባቱ የመጀመሪያ ቴምብሮች፣ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን የምኒልክን ምስል ሦስቱ አንበሳውን የያዙ፣ ለሰብሳቢ ተብለው በብዛት ስለ ተሸጡ ማኅተም ያልተመታባቸው ዋጋቸው መጠነኛ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል ከመሆኗ በፊት በእውነት መንገድ የሄደ፣ ማኅተሙ በግልጥ የሚነበብ ሙሉ ፖስታ ግን እጅግ ይከበራል። «ቦስታ» የሚለው ቃል በእጅ ማኅተም የተመታባቸው አስመሳይ ስለ በዛባቸው በጥንቃቄ ይገዛሉ። ከዲላ የተላከ አሮጌ ደብዳቤ ያገኘ ሰውም ቴምብሩን በውኃ ዘፍዝፎ ከመላጥ ይጠበቅ፤ የከተማው ስምና ቀኑ ያለበት ፖስታ ከተላጠው ቴምብር ይበልጣልና።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ሰዎች በቅንነት የሚሠሩት ጥፋት ነው። ጠገራውን ለገዥ ከማሳየታቸው በፊት በሎሚና በአመድ ፈትገው ያበሩታል፤ ዘመን ያለበሰውን ጥቁረት ሲያነሡ የመልኩን ሥዕል አብረው ይፍቁታል፤ ሰብሳቢውም ገና ሲያየው ወደ ማዕድን ዋጋው ያወርደዋል። አንጥረኛ ቀለበት በይዶ የአንገት ጌጥ ያደረገው ጠገራ ግን ሌላ ነው፤ እንደ ገንዘብ ቢጎዳም እንደ አገር ጌጥ ታሪክ አለውና፣ ማን እንዳሠራው፣ ማን በሠርጓ እንዳጠለቀችው ተጽፎ አብሮት ቢቀመጥ ዋጋው ይጨምራል። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና ሱቆች የሚገዛውም ሆነ በገጠር የሚሸጠው ሰው፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን እንደሚከለክል ይወቅ።

በአንጻሩ፣ በሣጥኑ ውስጥ ከገንዘቡ አጠገብ የተቀመጠውን የግብር ደረሰኝ ማንም አይጠይቀውም። የጌዴኦ ገበሬዎች በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ በባለርስቶች ላይ የተነሡበትን ምክንያት ለመረዳት፣ ገባሩ ምን ያህል ከፈለ፣ ለማንስ ከፈለ የሚለውን የሚመሰክረው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ዋጋ የተቆረጠለት ካታሎግ ስለሌለ ወራሹ እንደ ቆሻሻ ይጥለዋል። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው ሳለ፣ ባለቤቱ ዋናውን በእጁ ይዞ ቅጂውን በዚያ ቤተ መጻሕፍት ቢያስመዘግብ ምንም አይጎድልበትም።