ላፕቶፑ «አይመጥንም» ሲባል፦ ዊንዶውስ 11 በሸዋ ሮቢት

ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙው ወሬ ስለ መልኩ ነበር። የስታርት ምልክቱ ከግራ ጥግ ተነስቶ መሐል መግባቱ፣ የመስኮቶቹ ጠርዝ መክበቡ፣ ቀኝ ክሊክ ሲደረግ የሚመጣው ዝርዝር ማጠሩ፤ ወዳጅም ጠላትም የተከራከረው በእነዚህ ነው። በሸዋ ሮቢት ግን መልክ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «የእኔ ላፕቶፕ ይቀበለዋል ወይ?» የሚለው ነው። ለብዙዎቹ ያገለገሉ ላፕቶፖች ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ አይቀበለውም።

በ2014 የወጣ ሲስተም እንዴት «አዲስ» ይባላል የሚል ካለ፣ የአካባቢውን ዓመታት ያስታውስ። በ2013 የጸደይ ወራት አጣዬ ነደደች። ሲስተሙ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ ኅዳር 2014፣ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ከተሞች የተመለሰው አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በእነዚህ ዓመታት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልቀይር ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አይሆንም። የነበረው ዊንዶውስ 10 ይሠራ ነበር፣ በቃ። አሁን ግን የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ስለዚህ ሌላው የለመደው ነገር እዚህ ገና አሁን እየተሞከረ ነው።

«ድጋፍ አበቃ» ማለት ኮምፒውተሩ ጠፋ ማለት አይደለም። ስልካችሁ ላይ አልፎ አልፎ «ሴኩሪቲ አፕዴት» የሚል መልእክት ይመጣ የለ? የዚያ ዓይነቱ ጥገና ቀረ ማለት ነው። ሌቦች አዲስ ቀዳዳ ሲያገኙ የሚደፍነው የለም። ላፕቶፑን ፊልም ለማየት ብቻ ለሚጠቀም ሰው ይህ ብዙ ላያስጨንቅ ይችላል። ቀኑን ሙሉ የማያውቀውን ሰው ፍላሽ ሲሰካና ሲነቅል ለሚውል የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የስንቱ ሰው የመታወቂያ ቅጂ፣ የትምህርት ማስረጃና የኪራይ ውል እንዳለ አስቡት። በማሾና በሽንኩርት የሚነግደው ሰውዬ የዓመት ሒሳቡን በኤክሴል ያስቀመጠውም እዚያው ሊሆን ይችላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያስቀመጠው መመዘኛ በወረቀት ላይ ከባድ አይመስልም፤ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ። እነዚህን ያገለገለውም ላፕቶፕ ያሟላል። የሚጥለው ሌላው ነው። አንደኛ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል ከሆነ ጥቂት ልዩ ሞዴሎች ሲቀሩ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። 8ኛው ትውልድ መውጣት የጀመረው በአውሮፓውያኑ 2017 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ላፕቶፕ፣ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን፣ «ይህ ኮምፒውተር መመዘኛውን አያሟላም» ይባላል።

ይህን ከመግዛት በፊት ማወቅ ገንዘብ ያድናል። የፕሮሰሰሩን ስም እዩ፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ትውልዱን ይናገራል። «አይ5-6300» ካለ 6ኛ ነው፣ ቀርቷል። «አይ5-8250» ካለ 8ኛ ነው፣ ያልፋል። ከሰረዙ በኋላ በ10 ወይም በ11 የሚጀምር አምስት አኃዝ ካያችሁ 10ኛና 11ኛ ትውልድ ነው። በኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ቤተሰብ ጂ3 የሚለው 6ኛ ትውልድ ነው፣ ጂ5 የሚለው በአብዛኛው 8ኛ። ከውጭ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ ሻጩም «አይ5 ነው» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። አይ5 መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ላፕቶፑ አልፎ ሲስተሙ ተጫነ እንበል። እውነተኛው ግርታ እዚህ ይጀምራል፤ ነገሩም የፊደል ነው።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ የገባው በአውሮፓውያኑ 1999 ነው። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የአማርኛ ፎንት ይዞ መምጣት የጀመረው ደግሞ በቪስታ፣ ማለትም በ1999 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው (ቁጥሮቹ መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው፣ እንዳትደናገሩ)። ፎንቱ ኒያላ ይባላል። ለዓመታት በኒያላ ስንት ደብዳቤ ተጻፈ! በኋላ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኢብሪማ በተባለ ፎንት የግዕዝን ፊደል ማሳየት ጀመረ። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ኒያላ አብሮ የሚጫን መሆኑ ቀርቶ በተጨማሪነት የሚወርድ ሆነ።

ውጤቱን አዲስ በተጫነ ማሽን ላይ የድሮ ደብዳቤ የከፈተ ሰው ያየዋል። ፊደሉ ይነበባል፣ ጽሑፉ አልጠፋም። ግን ኒያላ ስለሌለ ሌላ ፎንት ተተክቷል፣ የፊደሉ ስፋት ተለውጧል፣ መስመሩ ተገፍቷል። በአንድ ገጽ ያለቀው ማመልከቻ ሁለት ገጽ ይሆናል፤ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ይቀራል። የሠንጠረዡ ዓምድ ይጠባል። ጸሐፊዋ በስፔስ ባር ያስተካከለችው ርእስ ከመሐል ይሸሻል። ደንበኛው ወረፋ ላይ ቆሞ እያየ ይህ ሲሆን፣ ጥፋተኛው ሁልጊዜ አዲሱ ዊንዶውስ ነው። በዚህ ጉዳይ ደግሞ ከሳሹ አልተሳሳተም።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ማንም አይነግራችሁም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን በቋንቋነት ስትጨምሩ ኒያላን የያዘው ተጨማሪ የፎንት ጥቅል አብሮ ይወርዳል። ካልወረደ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» የሚለው ውስጥ «ኢትዮፒክ» ብላችሁ ፈልጉት። ኢንተርኔት ይጠይቃል፣ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። እግረ መንገዴን፣ የዊንዶውስን ሜኑ ራሱን ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል። እኔ አልመክርም። አንድ ነገር ሲበላሽ ዩቲዩብ ላይ የሚያሳያችሁ ልጅ የሚጠራው የእንግሊዝኛውን ስም ስለሆነ አማርኛው ሜኑ ላይ ስትፈልጉት ትውላላችሁ።

ሌላው የጣት ጉዳይ ነው። በጽሕፈት ቤቶች ብዙ ሰው በፓወር ግዕዝ ነው ያደገው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የአማርኛ ኪቦርድ ሌላ አሠራር አለው፤ በስልክ ፊደል እየነካ ለለመደ ወጣት ብዙም ልዩነት የለውም፣ በደቂቃ አርባ ቃል ለሚጽፍ ባለሙያ ግን እጁን እንደማሰር ነው። ስለዚህ ሲስተሙን ከመቀየራችሁ በፊት የፓወር ግዕዙን መጫኛ ፋይል የት እንዳለ አረጋግጡ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ካሉም ፎንቶቹን አብራችሁ ገልብጡ። እነዚያ ፋይሎች ፎንታቸው ከሌለ አማርኛ መሆናቸው ራሱ አይታወቅም፤ የምታዩት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ብቻ ነው።

የሰዓቱና የቀኑ ነገር አሁንም እንዳለ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ታችኛው ጥግ 8 ይላል፤ በመስከረም አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ ለአዲስ ዓመት ግድ የለውም። ለዚህ ያህል ትልቅ ድርጅት የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ማስገባት ከባድ ነው ብዬ አላምንም። ፍላጎት የለም እንጂ።

ኢንተርኔቱ ጋ እንምጣ። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ ማውረድ ለአንድ ተማሪ ወጪ ነው፤ ጥሩነቱ አንዱ ያወረደው በፍላሽ ለሰፈሩ ይበቃል። ከዚያ ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ይህን የወሰነ ሰው ኔትወርክ ተቋርጦ ወራት የሚቆይበት አገር አለ ብሎ ያሰበ አይመስልም። ከጣርማ በር ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ይፋት ቆላ ስትገቡ ሙቀቱም ይቆጠራል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ የተጫነ ሲስተም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከኋላ ሆኖ አፕዴት ሲያወርድና ፋይል ሲቆጥር ይውላል፤ በአቧራ የታፈነ የቆየ ላፕቶፕ በቀትር ይህን ሲሠራ ፋኑ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። «ዊንዶውስ 11 ከባድ ነው» የሚባለው ግማሹ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑን አስጠርጉ፣ አፕዴቱን በማታ አስኪዱ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ አፕዴት መሐል ላይ መብራት ሄዶ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከጠፋ ጣጣው ብዙ ነው።

መመዘኛውን ያላለፈ ላፕቶፕ ያላችሁስ? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው አሮጌ ማሽን መለማመጃችሁ ነውና አትጣሉት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የአንድ ዓመት የደኅንነት ማራዘሚያ አውጥቷል፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንጉን ባክአፕ ለሚያደርግ ያለ ክፍያ፣ ለማይፈልግ በ30 ዶላር። ምዝገባው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ይታያል፤ ማሽኑ ግን 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 እትም ላይ መድረስ አለበት።

መመዘኛውን ዘሎ መጫንም ይቻላል፤ ሩፈስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ሲያዘጋጅ የቲፒኤሙን ጥያቄ ያነሳዋል። ይሠራል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን አፕዴት የመስጠት ግዴታ የለብኝም ብሏል፤ ስለዚህ የሸሻችሁትን ችግር መልሳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ለመለማመጃ እሺ፣ ለጽሕፈት ቤት አይሆንም። ከቴሌግራም ቻናል የሚወርደው «ቀላል ዊንዶውስ» ከነአክቲቬተሩ ግን ለሁለቱም አይሆንም። ማን እንደነካካው የማይታወቅ ሲስተም ላይ የሞባይል ባንኪንግና የኢሜይል የይለፍ ቃል መጻፍ የቤት ቁልፍ ለመንገደኛ እንደመስጠት ነው።

የቀረው ሊነክስ ነው። ሊነክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ 6ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል፣ ነፃ ነው፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ፓወር ግዕዝ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ይህን አስቡ። ተማሪ ከሆናችሁ መሞከሩ አያስከፍልም፤ ሲስተሙ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ መነሳት ይችላል። ያኔ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን ፈትሹ፤ አንድ የአማርኛ ፋይልም ክፈቱና ስንት ገጽ እንደሆነ ቁጠሩ። ሁሉም ከሠራ በኋላ ነው ሃርድ ዲስኩን መንካት።