ተንጠልጥለን ፈትነነዋል

ትምህርት አልቆ ልጆቹ ደብተራቸውን ሲሰበስቡ አንዱ ተማሪዬ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበና ሁለት የብረት መንጠቆዎች አስቀመጠ። ካራቢነር የሚባሉት፣ በጎናቸው በስፕሪንግ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ያላቸው ናቸው። አንዱን ተራራ መውጣት የሚወድ አጎቱ ከአውሮፓ አምጥቶለታል። ሁለተኛው የታላቅ ወንድሙ ነው፤ በገመድ ተንጠልጥሎ የፎቅ መስታወት ሲያጸዳ የሚጠቀምበት፣ ከገበያ በርካሽ የተገዛ። መልካቸው አንድ ነው። እንዲያውም ርካሹ ይበልጥ ያብረቀርቃል።

«ኡስታዝ፣ ይኼኛው ሰው ይይዛል?»

«ወንድምህ ምን ይላል?»

«ሦስት ሆነን ተንጠልጥለን ፈትነነዋል፤ ንቅንቅ አላለም ይላል።»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ መልስ ብዙዎቻችንን የሚያሳምን ነው። ዓለት ለመውጣት ርካሽ ዕቃ በኢንተርኔት የሚያዝ ወጣትም ቢጠየቅ ከዚህ የራቀ መልስ አይሰጥም። እስቲ ነገሩን በሒሳብ እንየው።

ሦስቱ ሰዎች በአንድነት 240 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። መንጠቆውን የሚጎትቱት በ2.4 ኪሎ ኒውተን ግድም ነው፤ አንድ ኪሎ ኒውተን ማለት መቶ ኪሎ ያህል ዕቃ ሲንጠለጠል የሚያሳርፈው ጉልበት ነውና። አሁን ደግሞ 80 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሰው ብቻውን 2 ሜትር ቁልቁል ይውደቅና በማይለጠጥ ገመድ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይቁም። መንጠቆው ላይ የሚያርፈው አማካይ ጉልበት ከ8 ኪሎ ኒውተን በላይ ይሆናል። ሦስቱ ሰዎች ቀስ ብለው ሲንጠለጠሉ ካሳረፉት ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው! ተራራ ወጪዎች የሚለጠጥ ገመድ የሚይዙትም ይህን ምት ለማለዘብ ነው።

ኢ ኤን 12275 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ለተራራ መውጫ የሚሆን የተለመደ ካራቢነር በቁመቱ ሲጎተት ቢያንስ 20 ኪሎ ኒውተን፣ በጎኑ ሲጎተት 7፣ በሩ ተከፍቶ ሲጎተትም 7 እንዲችል ያዛል። ልብ በሉ! በሩ በግድግዳ ጠርዝ ተገፍቶ ከተከፈተ ከላይ ያሰላነው ውድቀት ደረጃውን የጠበቀውን እንኳ ሊሰብረው ይችላል። በበሩ ላይ የሚጠመዘዘው ማጥበቂያ ለጌጥ የተሠራ አይደለም።

ርካሽ ሁሉ ደካማ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ማሽን ላይ ሲጎተት ከተጻፈበት ቁጥር በላይ የሚችል ርካሽ መንጠቆ ይገኛል። ችግሩ የተፈተነው ተሰብሯል፤ ወንድሙን የሚይዘው ያልተፈተነው ነው። ለምሳሌ ከአንድ ካርቶን አንዱ በ30፣ ሌላው በ28፣ ሦስተኛው በ11 ቢሰበር አማካዩ 23 ነው፤ አማካዩ ያምራል፣ 11ዱ የደረሰው ሰው ግን ወዮለት። ጠንቃቃ አምራቾች ከሚሠሩት መካከል ናሙና እየወሰዱ ይሰብራሉ፤ ከአማካዩም የልዩነቱን ሦስት እጥፍ ቀንሰው ዝቅተኛውን ቁጥር ብረቱ ላይ የሚቀርጹ አሉ። ከፍ ያለውን ዋጋ የምንከፍለው በከፊል ለዚህ ድካም ነው።

ምልክት ካለው በቂ ነው እንዳትሉ ደግሞ፣ ምልክትም ይሰረቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፔትዝል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ካራቢነሩንና ሌሎች መሣሪያዎቹን ከነዓርማቸውና ከነጽሑፋቸው አስመስለው የሠሩ መኖራቸውን፣ አስመስለው የተሠሩትም በትንሽ ጭነት ሊከፈቱና ሊሰበሩ እንደሚችሉ ለሕዝብ አስታውቋል። ስለዚህ ከታወቀ ሻጭ መግዛት፣ የኪሎ ኒውተኑን ቁጥር፣ ሲ ኢ የሚሉትን ፊደላትና ከጎናቸው የሚጻፈውን ምርቱን የሚቆጣጠረው ተቋም ባለ አራት አኃዝ ቁጥር መፈለግ ነው። የቁልፍ መያዣ ሆነው በሚሸጡት ላይ «ለመውጫ አይደለም» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎ ብታገኙ ሻጩ እውነቱን ነግሯችኋልና እመኑት።

የተማሪዬን ሁለት መንጠቆዎች በዚሁ ዓይን አየናቸው። የአጎቱ ሁሉም አለው። በርካሹ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያውም ኪሎ ይሁን ኪሎ ኒውተን አይለይም። በሩን ከፍተን ስንለቀው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«አሠሪው ነው መግዛት ያለበት» አልኩት።

«ብሎት ነበር። የሚሠራ ሌላ ሰው አለ አለው።»

ይህን ስሰማ ስለ ብረቱ ያወራሁት ሁሉ ቀለለብኝ። የአጎቱን መንጠቆ ለወንድሙ እንዲሰጠው ተስማማን። ርካሹን በብረት መጋዝ ለሁለት ቆረጥነው፤ እንዲሁ ብንጥለው አንድ ሰው አንስቶ መልሶ ይሸጠዋል። ከዚያው ካርቶን የተገዙ ሌሎች አራት ግን አሁንም በወንድሙ የሥራ ከረጢት ውስጥ ናቸው።