የገበሬው «እሺ» ምን ማለት ነው?



የዝናቡ ወራት እየተዛባ ከመጣ ወዲህ ብዙ የልማት ሥራዎች ገበሬውን በስልክ ለመርዳት ተነሥተዋል። የአየር ትንበያ፥ የመዝሪያ ጊዜ ምክርና የተባይ ማስጠንቀቂያ በድምፅና በጽሑፍ ይላካል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2014 በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተጀመረው 8028 የተባለው ነጻ የስልክ መሥመር ለዚህ ምሳሌ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬም ደውሎ ቁጥር በመጫን የተቀዳውን ምክር በጆሮው ይሰማል።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲታሰብ አስቀድሞ የገበሬውን አመለካከት መመዘን ይገባል፤ ስሕተት ቢፈጠር ጉዳቱ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ቢጠፋ የተዘራው ይደርቃል፤ ዳግመኛ የሚዘራው ዘር በጎተራ የሌለው ቤተ ሰብም ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የበልጉ ዝናብ ከጎደለ በኋላ በኤል ኒኞ ምክንያት የክረምቱም ሲጓደል፥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ እርዳታ እንዳስፈለጋቸው አንዘነጋም።

ነገር ግን አመለካከት እንደ ጤፍ በቁና አይሰፈርም። እንግዳ ሰው በገበሬው ደጅ ቆሞ «ይህ ነገር ይጠቅምዎታል ወይ?» ቢል፥ መልሱ ብዙ ጊዜ «እሺ፥ መልካም ነው» ይሆናል። ይህ ውሸት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። እንግዳን ማሳፈር ነውር ነው፤ እርዳታውም እንዳይቀር ያሰጋል። በእንዲህ ያለ «እሺ» ላይ የቆመ ሪፖርት ግን በአሸዋ ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነው።

አሜሪካዊው ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያሳተመው ዘዴ እዚህ ላይ ይረዳናል። ልዩ ልዩ ዐረፍተ ነገሮች ይነበባሉ፤ ሰሚው «በጣም እስማማለሁ» ካለ 5፥ «በጣም እቃወማለሁ» ካለ 1 ነጥብ ይያዝለታል፤ ሌሎቹም በመካከል ይሆናሉ። ዐረፍተ ነገሮቹ ግማሹ ደጋፊ፥ ግማሹ ተቃዋሚ ይሁኑ። አንዱ «በስልክ የምሰማው ትንበያ መቼ እንደምዘራ ለመወሰን ይረዳኛል» ቢል፥ ሌላው «ስልክ ከማመን አባቶቼ ያዩትን ምልክት ማየት ይሻለኛል» ይበል። የተቃዋሚዎቹ ነጥብ ይገለበጣል፤ 5 የነበረው 1፥ 4 የነበረው 2 ይሆናል። እንግዲህ ሰውየው ለ10ሩም በይሉኝታ «እስማማለሁ» ቢል ድምሩ 30 ይሆናል። ትንሹ ድምር 10፥ ትልቁ 50 ስለ ሆነ፥ ይህ በትክክል መካከል ነው። ራስ መነቅነቅ ብቻውን ድጋፍ ሆኖ አይቆጠርም ማለት ነው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፥ ሦስት ነገር እናሳስባችኋለን። አንደኛ፥ ማንበብ ለማይችሉ አምስት ጠጠር አቅርቡ፤ የመስማማታቸውን ያህል ቈጥረው ያንሡ። ሁለተኛ፥ ባልንና ሚስትን ለየብቻ ጠይቁ፤ ስልኩ በባል ኪስ ከሆነ ምክሩ ለሚስት ላይደርስ ይችላልና። ሦስተኛ፥ አለመፈለግንና አለመቻልን አትቀላቅሉ፤ ባትሪ የሚሞላበት ወይም ኔትዎርክ የሌለው ሰው ነገሩን ጠልቶ ላይሆን ይችላል። ከዚህም በላይ በመኸር ተመልሳችሁ ምክሩን የሰማው ገበሬ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ፤ ቃልና ሥራ ሊለያዩ ይችላሉና።

ምእመናን ሆይ፥ እናንተም ሪፖርት ሲደርሳችሁ «ስንቱ ደገፈ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «እምቢ ለማለትስ ነጻነት ነበራቸው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐዋርያው ያዕቆብ ከመናገር ይልቅ መስማትን እንድናስቀድም አስተምሮናል። ገበሬው እምቢ ሲል መስማት የማይችል አገልግሎት፥ እሺ ሲልም በእውነት አልሰማውም። ጌታ የሚሰማ ጆሮ እንዲሰጠን ጸልዩልን።