እናታችንን ከሐራ ለንደን ያደረስንበት ረመዷን

ወንድማችን ለንደን ከገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እናታችን የልጅ ልጃቸውን በስልክ እንጂ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር። ቪዛው ተሳክቶ የበረራው ቀን ሲቆረጥ ረመዷን መካከል ላይ ዋለ። ሐራ ያለው ቤታችን ደስታና ጭንቀት አብረው ገቡበት። እናታችን እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። በዚህ ወር ወላጆቻቸውን ወደ ውጭ የሚሸኙ ቤተሰቦች ስለማይጠፉ፣ ያየነውን ብናካፍል ይጠቅማል ብለን አሰብን።

መጀመሪያ የተነሣው የጾሙ ጉዳይ ነው። "አውሮፕላን ላይ ተቀምጬ ምን ደከመኝ ብዬ አፈጥራለሁ?" አሉ። የሰፈራችን ሸህ ግን ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ለታመመና ለመንገደኛ ጾሙን በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ መፍቀዱን አስታወሷቸው። አላህ ያገራውን ማክበድ ታማኝነት አይደለም ብለው መከሯቸው። ሐኪማቸውም የመድኃኒታቸው ሰዓት ስለሚዛባ በጉዞው ቀናት እንዳይጾሙ ነገሯቸው። እያቅማሙ ተቀበሉ። ጾሞ መጓዝ ለሚችል ሰው ደግሞ መለኪያው የአዲስ አበባ ሰዓት ሳይሆን ጎህና ፀሐይ ነው፤ አየር ላይ እያለ በመስኮት የሚያየውን ይከተላል። ወደ ምዕራብ ሲበር ቀኑ እንደሚረዝምም ይወቅ።

ቀጥሎ ሻንጣው መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ለልጁ ስንቅ ይዞ ደረሰ። ወደ ብሪታኒያ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ቋንጣውንና ቅቤውን እያዘንን መለስን። በርበሬው፣ ዳቦ ቆሎውና ተምሩ ቀሩ። አንድ ሰው ግን "ትንሽ ጫት ለወዳጄ" ብሎ ጠቅላላ ላከ። ጫት በብሪታኒያ እ.ኤ.አ ከ2014 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። እናታችን ሳያውቁት ይዘውት ቢገኙ ለሌላ ሰው ወዳጅ ሲሉ እርሳቸው ይጠየቁ ነበር። ስለዚህ ሻንጣውን ከማሰራችን በፊት እያንዳንዱን ዕቃ ፈትተን አየን። መድኃኒታቸውን ከሐኪም ወረቀቱ ጋር በእጅ ቦርሳቸው አደረግን።

ትኬቱም ሊያሳስተን ነበር። የበረራው ሰዓት ሐሙስ 01፡15 ይላል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15 ነው፤ በአውሮፓውያኑ ቀኑ ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር ቦሌ መድረስ ያለብን ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ማታ ብንሄድ አውሮፕላኑ ካረፈ ብዙ ሰዓት ሆኖታል ማለት ነው። በወልድያ፣ በመርሳ፣ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ መግባት ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ አንድ ቀን ቀድመን ወጣን።

ከሁሉ ያስጨነቀን ከሂትሮው አየር ማረፊያ በኋላ ያለው ነው። ሂትሮው ከመሐል ለንደን በስተምዕራብ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ወንድማችን የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ስለሚወጣ ሊዘገይ እንደሚችል ነግሮናል። ሁለት ወረቀት በእንግሊዝኛ ጻፍን። አንዱ ለኢሚግሬሽን ሠራተኛው ሲሆን የሚያርፉበትን አድራሻ፣ የሚቆዩበትን ጊዜና የልጃቸውን ስልክ ይዟል። ሌላው "ልጄን እየጠበቅሁ ነው፤ እባክዎ ይደውሉለት" የሚል ነው። "ልጅሽ ልኮኛል የሚል ሰው ቢመጣ እንኳን ከመቀመጫሽ እንዳትነሺ" አልናቸው።

እንደፈራነውም ወንድማችን አንድ ሰዓት ዘገየ። እናታችን ከመውጫው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተሰቢሓቸውን እየቆጠሩ ጠበቁት። አንድ የታክሲ ሰው ሻንጣቸውን ሊያነሣ ሲል ወረቀቱን አሳዩት፤ ሳቅ ብሎ ሄደ።

ወደ ከተማው የሚወስዱ ባቡሮች ሦስት ናቸው። ሂትሮው ኤክስፕረስ በ15 ደቂቃ ገደማ ፓዲንግተን ያደርሳል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። የፒካዲሊ መስመር ርካሽ ነው፤ ሆኖም መሐል ከተማ ለመድረስ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። እ.ኤ.አ በ2022 የተከፈተው ኤልዛቤት መስመር በሁለቱ መካከል ነው። ለእኛ የተመቸን እርሱ ሆነ፤ ምክንያቱም ባቡር ሳይቀየር ኋይትቻፕል ድረስ ይወስዳል። ትልቁ የምሥራቅ ለንደን መስጊድ ያለውም እዚያው ሰፈር ነው። አሳንሰር ስላለው ደረጃ መውጣት የለም። የባንክ ካርድ በሩ ላይ አስነክቶ መግባት ይቻላል፤ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል፣ ሲወጡም በዚያው ካርድ ማስነካት ግድ ነው።

በዚያ ምሽት ሐራ አፍጥረን፣ ተራዊሕ ሰግደን ቡና እየጠጣን ስልኩ ጮኸ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ነው፤ ለንደን ግን ገና መግሪብ መድረሱ ነበር። የልጅ ልጃቸው ተምር በእጁ ይዞ ከጎናቸው ተቀምጧል። "እኔ ዛሬ አልጾምኩም፤ እሱ ግን እስከ ቀትር ጾሜያለሁ ብሎ አብሬው አፍጥሪ አለኝ" አሉን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የመንገዱን ሁለት ቀን ጻፉልኝ፤ ቀዷ አለብኝ" አሉ። ቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፍንላቸው።